ሞተሩ እስኪበርድ

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ወደ መርሳ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሲሪንቃን እንዳለፍን ዳር ይዞ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍተው ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ፊቱን ጋረደው። ተሳፋሪው እየተነጫነጨ ወረደ። አንዷ ልጇን ይዛ ግራር ሥር ቁጭ አለች፤ አንዱ በስልኩ «ደርሻለሁ፣ መርሳ መግቢያው ላይ ነኝ» እያለ ይዋሻል። እኔ ከሁሉም ራቅ ብዬ ቆምኩ። የዛገ ብረትና የፈላ ውሃ የተቀላቀለበት ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ።

«ራዲያተር ነው። ውሃ ይሞላበትና እንሂድ እንጂ!» አለ አንድ የቸኮለ ነጋዴ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይብረድ» ማለት ፈለግሁ። ቃሉ ጥርሴ ሥር ቀረ። ደግነቱ ሾፌሩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። እዚያ ቆመን ስንጠብቅ ነው ያ የሁዳዴ ጾም ሰሞን እንዳለ የመጣብኝ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከወንድሜ ከሞገስ ጋር ከግራና ከተማ ዝቅ ብሎ ባለ ቀበሌ እንኖር ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አባታችን ሞተና የሚያስተምረኝ ጠፋ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ለማለት ጉሮሮዬ የሚዘጋ ልጅ ስለነበርኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መቅረቱ ብዙም አልከፋኝም።

ሞገስ የአባታችንን በሬዎች ሸጦ ከተገለበጠ አሮጌ የጭነት መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር ገዛ። ሲሚንቶ ላይ ተከለውና በረጅም ቺንጋ ከወፍጮው ጋር አገናኘው። ሰው ሁሉ ሳቀበት። በየመንደሩ የመብራት ወፍጮ እያለ ጆሮ የሚበጥስ የናፍጣ ወፍጮ ማን ይፈልጋል? በኋላ ግን መብራት ጠፋ። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ወራት አለፈ። የግራናም የመርሳም ወፍጮዎች ጸጥ ሲሉ ሰዉ ማሽላውን በአህያ እየጫነ ወደኛ ይጎርፍ ጀመር። የምንበላው ከዚያ ሞተር ነበር። መሬታችንን ሌላ ሰው በእኩል ያርሰዋል፤ በሬ የለንም፤ ያ ሞተር ከሞተ የሚቀረን ቆርቆሮው ቤት ብቻ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ መሥራት እወድ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ ማንም ማንንም አያናግርም፤ በምልክት ነው የምንግባባው። ዱቄቱ ደግሞ ቅንድቤን ሳይቀር ነጭ አድርጎ ይሸፍነኛል። ፊቴ የማይታይ ይመስለኝ ነበር። ከአሮጊት እስከ ጎረምሳ «ይቺ የሞገስ እህት ዲዳ ናት እንዴ?» ሲሉ እሰማለሁ። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌው አያ ካሳ ብቻ አንድም ቀን እንዲህ ብለው አያውቁም። የሚያስፈጩት ባይኖራቸውም ይመጣሉ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስተኛሉ፣ ከእኔ ጋር ዝም ብለው ይውላሉ። ከሰው ጋር ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገኝም።

ራዲያተሩ ማልቀስ የጀመረው በዚያ ሁዳዴ ነው። ከሞተሩ ፊት ቆሞ ውሃ እያዞረ የሚያበርደው እሱ ነው። መጀመሪያ ከታችኛው ስፌቱ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ቀጥሎ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ሳይቋረጥ ይወርድ ጀመር። ሞገስ የልብስ ሳሙና በጣቱ አልፍቶ ስፌቱ ላይ ለጠፈበት። ትንሽ ያዘ። ሞተሩ ሲግል ሳሙናው ሟሟና አረፋ እየደፈቀ ወረደ። ሁለተኛ ለጠፈ፤ አሁንም ወረደ። ከዚያ በኋላ ወፍጮውን ዘጋና ጥቂት ቀን መላ ሲፈልግ ቆይቶ «ወልድያ ሄጄ በያጁን ይዤው እመጣለሁ። ፈትቼ ብወስድለት ወረፋው አያልቅም» አለ። ስልክም በዚያ ጊዜ አይሠራም ነበር።

ሊሄድ ሲል ቁልፉን ሰጠኝ። «ባታስነሺው ደስ ይለኛል» አለ። «የግድ ከሆነብሽ የራዲያተሩን ክዳን አላልተሽ ነው፤ ግፊት ካገኘ ስፌቱን ይበጥሰዋል። እየሠራ እያለ ቀስ እያልሽ ውሃ ጨምሪ። ከውሃ በቀር ማንም ምንም ቢልሽ እንዳታስገቢ። ሽታው ከተለወጠ አጥፊው። ካጠፋሽው ወዲያ ደግሞ እስኪበርድ ድረስ የውሃ ጠብታ አያግኘው። የጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘ ይሰነጠቃል። እሱ አይበየድም፣ አንጓች። እሱ አለቀ ማለት ነው።»

ደግሞ እየሄደ ዞር ብሎ «ሰምተሻል?» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ገና አልመጣም። የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጫጫው በር ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ የቅሬው ጠሪ ከጉብታው ላይ ሆኖ ሲጣራ ሰማሁ። ቅሬ እኛ አገር እስላም ክርስቲያን ሳይል ሞት ሲመጣ ሁሉን የሚሰበስብ ማኅበር ነው፤ ጥሪውን ሰምቶ የቀረ ይቀጣል። ጠሪው የሟቹን ስም ሲያወጣ ጆሮዬን አላመንኩም። አያ ካሳ ነበሩ። ሳምንት ሙሉ ሳጣቸው ልጃቸው ጋ ሄደው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ለካ ታመው ወልድያ ሆስፒታል ተኝተው ኖሯል። አስከሬናቸው ነገ ጠዋት ይገባል፤ ቀብሩም ነገ ነው።

ሳላለቅስ የቅሬው ዳኛ አያ ይማም መጡ። ከኋላቸው እትዬ ዝናሽ የሴቶቹ መሪ፣ ከእሷም ኋላ ቁና ሙሉ ማሽላና ሽምብራ የተሸከሙ ሴቶች።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ» አሉ አያ ይማም። «የሰማሽውን ሰምተሻል። ከወልድያም ከመርሳም ከደጋም ሰው ይመጣል። ቤት ለቤት ብናስስ ዱቄት የለም፤ ወፍጮው ከተዘጋ ወዲህ ሁሉም ጠርጎ በልቶታል። ዛሬ ከተፈጨ ለነገ ቂጣ ይጋገራል፣ ለሣልስቱም ሊጡ ይቦካል። አስነሺልን።»

«ሞገስ…» አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

«ሞገስ ቢኖር እምቢ ይል ነበር?»

ባይልም ከእኔ ይልቅ ያውቅ ነበር። ሞተሩን አየሁት። በአንድ በኩል የአባቴ በሬዎች ቆመውበታል፤ በሌላ በኩል የአያ ካሳ ለቅሶ። «ውሃ» አልኩ። ለሞተሩ ነበር፤ እትዬ ዝናሽ ግን ቅል ሙሉ ውሃ አቀበለችኝ። አያ ይማም ራዲያተሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፈገግ አሉ።

«ኧረ እሱ ነው የጠማው! ውሃ ከሆነ ቅሬው አለ። አብሽሪ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዓይን ደስ የሚል ነበር፤ እኔ ግን በፍርሃት ነው ያየሁት። ከመስኖው ቦይ እስከ ወፍጮው በር ድረስ ሰው ጀሪካን ይቀባበል ጀመር። የቦይ ውሃ ደለል ስላለበት እትዬ ዝናሽ ነጠላዋን አጥፋ በላዩ ታጠለዋለች። ክዳኑን አላላሁ፣ ቁልፉን ዞር አደረግሁ። ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ። አንዲቷ ሴት እህል ትጨምራለች፣ ሌላዋ ዱቄት ትቀበላለች። እኔ በአንድ እጄ ጣሳ ይዤ ቀስ እያልኩ ውሃ እጨምራለሁ፤ ዓይኔ ከታች ከሚወርደው ክር ላይ አይነሣም። የገባውና የወጣው እኩል ከሆነ ተረፍን። ውሃው እግሬ ሥር ጭቃ ሆነ። ሙቀት መለኪያው ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት የተሰበረ ስለሆነ ያለኝ አፍንጫዬና ጆሮዬ ነበር። ሰዎቹ ባወሩ ቁጥር ሞተሩ ድምፁን የለወጠ ይመስለኛል።

«ሾፌሮቹ እኮ እንቁላል ነው የሚሰብሩበት!» ብላ እትዬ ዝናሽ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኸች። «ውስጡ ይበስልና ቀዳዳውን ይደፍነዋል።»

«በሁዳዴ እንቁላል?» አለች አንዷ።

«ሞተር ንስሐ አባት አለው እንዴ?» አለች እትዬ ዝናሽ።

«የክርስቲያን ዶሮ ከፈራችሁ ከእኔ ቤት ላስመጣ» አሉ አያ ይማም። «የእኔ ዶሮዎች ሁዳዴን አይዙም።»

ለቅሶ ስለሆነ ሁሉም ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። እኔ አንገቴን ግራና ቀኝ ወዘወዝሁ። «እምቢ አለች» ተባባሉ። እትዬ ዝናሽ ቅር ብሏት «ምክር አትወድም ይቺ» አለች። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። በሌላ ቀን ቢሆን ያቺ ቃል ሳምንት ታሳምመኝ ነበር።

ማሽላው ወደ ግማሹ ሲደርስ ክሩ ወፈረ። የቀረው ሳሙና ፈንድቶ ወጣና ውሃው እንደ ቧንቧ ይወርድ ጀመር። ጣሳውን ትቼ ከጀሪካኑ አወረድኩበት፤ አልያዘም። ያኔ ሽታው መጣ። የፈላ ውሃ ሽታ አልነበረም፤ የጋለ ምጣድ ላይ የተረሳ ነገር ዓይነት፣ ደረቅ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። ድምፁም ከበደ። ቁልፉን መለስኩ።

ቺንጋው ቀስ ብሎ ዞሮ ቆመ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እንፋሎቱ ጣሪያውን ነካ።

«ተቃጠለ! ተጠምቷል፣ አጠጡት!» አለች እትዬ ዝናሽ። ክፋት አልነበረባትም። ጀሪካን ሙሉ የቦይ ውሃ በሁለት እጇ አንሥታ እየሮጠች መጣች፤ ለደከመ እንግዳ ውሃ እንደምታቀርብ ነበር ሩጫዋ። ጀሪካኑ ወደ ራዲያተሩ አፍ ዘንበል አለ።

«ተዪ» ልል ፈለግሁ። አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ የለም። ስለዚህ ገፋሁት። በሁለት እጄ ጀሪካኑን ገፈተርኩት። ከእጇ አምልጦ ወደቀና ውሃው ዱቄቱን፣ ጭቃውን፣ የእትዬ ዝናሽን ቀሚስ አዳርሶ ፈሰሰ።

ሰው ለለቅሶ የተሸከመውን ውሃ፣ እናቴ የምትሆን ሴት የያዘችውን፣ በመላው ቅሬ ፊት መድፋት ምን እንደሆነ እኔ ሳልናገር የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«በማርያም!» አለች እትዬ ዝናሽ ቀስ ብላ። «እኔን?»

አያ ይማም ከፊት ቀረቡ። የቅሬ ዳኛ ፊት ነበራቸው፤ ፈገግታው ጠፍቷል። «ለምን?» አሉኝ። አንድ ቃል ነበረች። መልስ ካልሰጠሁ ሌላ ሰው ሌላ ጀሪካን ሊያነሣ ነው፤ አንድ ጎረምሳ እጁን ዘርግቶ ነበር። የሞገስን ቃል ላስታውስ ሞከርኩ፤ ስለ ብረት፣ ስለ ስንጥቅ፣ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ አያ ይማም ሁሌ የሚጋልቧት በቅሎ ነበረች።

«አያ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ዳገት ወጥታ ላብ ያጠመቃት በቅሎ ውሃ ይሰጧታል?»

ወደ ሞተሩ ተመለከቱ።

«አልሰጣትም። ትሞትብኛለች» አሉ።

«እሱም…»

«ላቡ እስኪደርቅ ነው?»

አንገቴን ነቀነቅሁ። ዞረው «ጀሪካኑን አስቀምጥ አንተ!» አሉት ጎረምሳውን። «ላቡ አልደረቀም።»

በዚያ አበቃ ብዬ ነበር። ግማሹ ማሽላ ግን ሳይፈጭ እንደቀረ ነው። አንዲት ሴት «እና ነገ ለሰው ምን እናቅርብ? አመድ?» አለች። ሁሉም እኔን አየ፤ እኔ መሬት አየሁ። በመጨረሻ የተናገረችው፣ ማን ብላችሁ ነው፣ ቀሚሷን እየጨመቀች የቆመችው እትዬ ዝናሽ ናት።

«ቀቅሉታ» አለች በቁጣ። «ድሮ ለቅሶ ላይ የሚቀርበው ምን ነበር? ንፍሮ አይደለም? ማሽላውንም ሽምብራውንም ቀቅሉት። የተፈጨው ለሣልስቱ ይቡካ።» ቁናዋን ራሷ ላይ አድርጋ ሳታየኝ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

እኔ ቀረሁ። ቁልፉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ጎረምሶቹ ደጋግመው መጥተው «አሁን በርዷል፣ እንሞክረው» ቢሉኝ በሩ ላይ ተቀምጬ አላሳለፍኳቸውም። እኔ ራሴም መሞከር ፈርቼ ነበር። ዘግይቼ ያጠፋሁት ቢሆንስ? ሽታው የመጣው እኮ ቁልፉን ከመመለሴ በፊት ነው። ውስጡ ተጣብቆ ቢሆንስ? ብረቱን በመዳፌ እነካዋለሁ፤ ሙቀቱ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ፍርሃቴ ይጨምራል። ትኩስ እያለ ሕመምተኛ ነበር፤ ቀዝቅዞ ሳየው ግን ሬሳ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የአያ ካሳ አስከሬን በዚያው በወፍጮው መንገድ አለፈ። ከቀብር የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሜ እስኪያልፉ አለቀስኩ። ሁሌ የሚቀመጡበት ድንጋይ አጠገቤ ነበር፤ አልተቀመጥኩበትም። ከለቀስተኛው መካከል አንዳንዱ ዞር ብሎ እያየኝ አለፈ። እትዬ ዝናሽ ዞር አላለችም።

ሞገስ በያጁን ይዞ የደረሰው ሰው ከቀብር ሲመለስ ነው። መኪና አጥተው መርሳ አድረዋል። መንገድ ላይ ሁሉን ነገር ሰምቶ ስለነበር ፊቱ አመድ መስሏል። በያጁ ከሲታ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰውዬ ነበር፤ ሞተሩን ዞሮ አየና «ካጠፋሽው በኋላ ውሃ ነክቶታል?» አለኝ።

አንገቴን ወዘወዝሁ።

«አንድ ጣሳም?»

ደግሜ ወዘወዝሁ።

«እንግዲህ እናያለን» አለ።

«እናያለን» የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ራዲያተሩን ፈታ፣ ስፌቱን ፋቀ፣ ምድጃ አነደደ፣ እርሳሱን አቅልጦ በየደ። ውሃ ሞላበትና አጋድሞ ጠበቀ። ጠብ አላለም። መልሶ አሠረው። ሞገስ እጁን ዘረጋልኝና ቁልፉን ከነጠላዬ ፈትቼ ሰጠሁት። አንዴ ዞር አደረገው፤ አቃስቶ ዝም አለ። ሞገስ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛ ዞር አደረገው። አሁንም አቃሰተ፣ ሳል አለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ያንን ጆሮ የሚበጥስ ድምፁን ለቀቀው።

ባዶ ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጥኩ። በያጁ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ብዙ ጊዜ አዳመጠና «ደህና ነው» አለ። ያች ቃል ብቻ ነች፤ ግን ሞገስ ሰውዬውን አቅፎ ሳመው።

በሣልስቱ ቅሬው ሲቀመጥ ጉዳዬ ተነሣ። አያ ይማም ቆመው «አንጓች ከቀብር ቀርታለች፤ የቀረችው ግን የሁላችንን ወፍጮ ስትጠብቅ ነው፤ ይህንን ምረናታል» አሉ። ተንፈስ ስል «ግን» አሉ። «የእትዬ ዝናሽን ውሃ ደፍታለች። ደንብ ደንብ ነው። የደፋሽውን ቀድተሽ ቤቷ ታደርሻለሽ።» ሰዉ ሳቀ። ጀሪካኑን አዝዬ ቤቷ ስደርስ እትዬ ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አወረደችልኝና ንፍሮ በመሶብ ክዳን ሰጠችኝ። «ብዪ፣ አንቺ ዲዳ» አለች። «ስትገፊ ግን ክንድ አለሽ።»

የሚኒባሱ ሞተር በርዶ ጉዟችን ሲቀጥል ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነበር። ዛሬ ሁሉም ተለውጧል። መብራቱ ተመልሷል፤ ሞገስ ሞተሩን ሸጦ ዳግመኛ በሬ ገዝቷል፤ እኔ መርሳ ተድሬ እኖራለሁ። በቀደም ሞገስ ቤቴ መጥቶ ስንጨዋወት፣ ጣቱን እየላሰ፣ እንደ ቀላል ነገር «ያኔ እኮ ውሃውን ብትጨምሪው ላይሰነጠቅም ይችል ነበር» አለኝ። «አንዳንዱ አይሰነጠቅም።»

አባባሉ አንጀቴን አሳረረው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። በጊዜ የተገታ ጥፋትን ማንም አያየውም፤ የደፋሁትን ውሃ ግን ሁሉም አይቶታል። የሚፈራ ሰው ዕጣ ይኸው ነው፤ ትክክል መሆኑን የሚያሳይበት ነገር የለውም። ሰው ብዙ ጊዜ «አትፍሪ» ይለኛል፣ እኔም ልተወው ሞክሬ አልሆነልኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ፣ እትዬ ዝናሽ ያንን ጀሪካን ይዛ ብትሮጥ፣ አሁንም እገፋዋለሁ። ገፍቼውም አሁንም በእፍረት እሞታለሁ።